የጠመንጃው ልብስ

አባቴ ጠመንጃ ይዞ ቤት የገባ ቀን የተደሰትኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እንደረገጠች ደርቃ ቀረች። አክስቴ ካውያውን ከጨርቁ ላይ ማንሳት ረስታ የተቃጠለ ጥጥ ሽታ ክፍሉን ሞላው። እኔ ግን ከወንበሬ ዘልዬ አጨበጨብኩ። ጠመንጃ ሊገዛ መሆኑን ከሁሉም ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ምስጢሩን ጠብቄ እዚህ በማድረሴ ድሉ የኔም መስሎኝ ነበር።

ጠመንጃውን መጀመሪያ ያየነው ጋሽ ዝገት ሱቅ ውስጥ ነው። ጋሽ ዝገት በሰፈራችን የተበላሸ ቁልፍ፣ የውሃ ፓምፕና አሮጌ ብረት ሁሉ የሚጠግን ሽማግሌ ነበር። ደጃፉ ላይ የተቆለለው ብረት ስሙን አስረስቶት ሁሉም በዚሁ ቅጽል ይጠራዋል። እሱም አይቀየምም። «ዝገት ትሉኛላችሁ፤ ዝገቱን ተሸክማችሁ የምታመጡልኝ ግን እናንተው!» እያለ ይስቃል።

አባቴ ከስራ ሲወጣ እዚያ ማምሸት የለመደው ከአደጋው በኋላ ነው። በእንጨት ፋብሪካው የትልቁ መጋዝ ባለሙያ ነበር። መጋዙ ከቀኝ እጁ ሌባ ጣቱንና የመሃል ጣቱን፣ ከአውራ ጣቱም ጫፉን ወሰደው። የግራ እጁ አምስቱም ጣቶች ቢተርፉለትም ጅማቱ ስለተቆረጠ ጫፍና ጫፋቸው አይገናኝም። ከሆስፒታል ሲወጣ ፋብሪካው አላባረረውም፤ በር ላይ አስቀምጦ መኪና በመጣ ቁጥር ማገጃውን ብረት እንዲያነሳ አደረገው። እኔ ሹመት መስሎኝ ነበር። ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ ያለ አባቴ ፈቃድ ማንም አይገባም ብዬ ትምህርት ቤት ጉራዬን ነዝቻለሁ።

ያን ቀን ጋሽ ዝገት ከጠረጴዛው ስር በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጨርቁን ሲገልጠው የዘይትና የአሮጌ እንጨት ሽታ መጣ። ሰደፉ ብዙ እጅ ስላሻሸው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ያብለጨልጫል። ጎኑ ነሐስ ነው። ከስሩ ደግሞ ሌላ ጠመንጃ ላይ አይቼው የማላውቅ፣ ቀለበት መሳይ እጀታ ተንጠልጥሏል።

አባቴ መጀመሪያ ያየው እንጨቱን ነበር። ፊቱን አስጠግቶ አሸተተው፤ የእንጨቱን መስመር በመዳፉ ተከተለ።

«ይሄን የጠረበው ሰው አልቸኮለም» አለ።

«ያዛት እስቲ።»

«ተው ጋሼ፣ በዚህ እጅ?»

«ይቺ እኮ ጣት አትፈልግም፤ መዳፍ ነው የምትፈልገው። እጅህን ቀለበቱ ውስጥ ክተት። ወደታች ግፋት፤ አሁን መልሰህ ሳባት።»

ቀጭ አለች፤ ከዚያ ቋ።

አባቴ ቀና ብሎ ጋሽ ዝገትን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እንደገና ገፋ፣ እንደገና ሳበ። ከአደጋው ወዲህ አንድም ነገር በመጀመሪያው ሙከራ እሺ ብሎት አያውቅም። የበር ቁልፍ ይወድቅበታል፤ ማንኪያ ይዞርበታል፤ የጫማውን ማሰሪያ እኔ ነኝ የማስርለት። ይህቺ ግን ገፋ ሲያደርጋት ትሄዳለች፣ ሲጠራት ትመለሳለች። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር አሁንም ድረስ በትክክል አስታውሰዋለሁ፤ መጋዙ ፊት ቆሞ ግንድ ሲገባለት የነበረው ፊቱ ነበር።

«ምን ልትመታባት ነው ግን?» አለው ጋሽ ዝገት።

«ቀበሮ።»

«እዚህ ሰፈር ቀበሮ አለ እንዴ? እኔ ከሰው በቀር ዶሮ የሚሰርቅ አላየሁም።»

አባቴ አልሳቀም። «ይኖራል» አለ። ቆየት ብሎም፣ «ጥይትስ አላት?» ሲል ጠየቀ።

ጋሽ ዝገት በዘይት ጨርቁ እጁን ይጠርግ ጀመር። ንጹሕ እጁን ነበር የሚጠርገው። «ግድግዳ ላይ ለምትሰቀል ጥይት ምን ያደርግላታል?» አለ በመጨረሻ።

«ለምን ትሰቀላለች?»

«ልጁ እዚህ ነው» አለ ጋሽ ዝገት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልጁ አድጓል» አለ አባቴ፤ እኔም በዚያች ቃል በአንድ ጀምበር ያደግኩ መሰለኝ። ቀበሮ ልናድን ነው! ለእናቴ እንዳልነግራት አባቴ አልከለከለኝም፤ ግን ሁለት ወንዶች የሚያድኑትን ነገር አስቀድመው አያወሩም ብዬ ራሴ ወሰንኩ።

ጠመንጃው ቤት የገባ ቀን ታዲያ እናቴ «ምንድን ነው እሱ?» ስትል ከአባቴ ቀድሜ የመለስኩት እኔ ነበርኩ።

«የቀበሮ ጠመንጃ!»

«ኧረ ጋሼ» አለች አክስቴ፣ ካውያውን እያነሳች። እናቴን በስፌቱ የምታግዝ ታናሽ እህቷ ናት፤ ቀልድ ካልተናገረች ምላሷ ያሳክካታል። «እኛ ቤት እንኳን ቀበሮ፣ አይጧም የሚበላ አጥታ ጎረቤት ገብታለች።»

ማንም አልሳቀላትም።

«ቆንጆ ስለሆነች ነው» አለ አባቴ ለእናቴ። «ስሚያት እስቲ።» መዳፉን ቀለበቱ ውስጥ አስገብቶ ገፋ፤ ሳበ። «አየሽ? በአንድ እጅ።»

እናቴ ጠመንጃውን አላየችውም። ፊቱን ነበር የምታየው። «አየሁ» አለች። «ቆንጆ ናት።» ከዚያ ፔዳሏን ረገጠች፤ ክሩ ግን ከመርፌው ወጥቶ ስለነበር መኪናው ባዶውን ነበር የሚሰፋው።

ስለ እናቴ ስፌት አንድ ነገር ካልነገርኩ የቀረው አይገባም። አባቴ ከሆስፒታል እንደመጣ ሸሚዝ መቆለፍ አቃተው። እናቴ ልቆልፍልህ ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስለዚህ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን በሙሉ ደፈነቻቸው፤ ቁልፎቹን ከላይ ለወጉ ሰፋቻቸው፤ ከውስጥ ደግሞ እርስ በርሱ እንደ እሾህ የሚያያዝ ጨርቅ አደረገችበት። ከውጭ ለሚያየው ሸሚዙ እንደማንም ሰው ሸሚዝ ነው። አባቴ ማታ ሲያወልቅ ግን ደረቱን ይዞ ይስባል፤ ቸርርር ይላል። የሁሉም አባቶች ሸሚዝ እንደዚያ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን በዚህ ነገር ሲነጋገሩ አልሰማሁም። እሷ አልነገረችውም፤ እሱም አላመሰገናትም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሸሚዙን ራሱ ለብሶ ይወጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ምሽቶች ለእኔ አስደሳች ነበሩ። አባቴ ከስራ መጥቶ መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። በግድግዳው ወዲያ ቀጭ፣ ቋ ይላል። እናቴ በወዲህኛው ክፍል ትሰፋለች። እጀታው ሲሰማ የስፌት መኪናው ዝም ይላል። እናቴ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ አንገቷን ትቀልሳለች። ቀጣዩ ድምፅ ሲመጣ መስፋቷን ትቀጥላለች። አንዳንዴ አባቴ ሲዘገይ እሷም ትዘገያለች፤ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደገባ ይቆማል፤ አክስቴም ካውያዋን አየር ላይ ይዛ ትጠብቃለች። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን አባባ ሲዘገይ፣ «ተሸነፈ! ተሸነፈ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው። 

ከዕለታት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴና አክስቴ ለሙሽራ ቀሚስ ዶቃ እየሰፉ ሲያወሩ ደረስኩ። መግባቴን አላዩም፤ ወይም ልጅ ነው ብለው ንቀውኛል።

«ደብቂው» አለች አክስቴ።

«ብደብቀው እንደማላምነው ያውቃል። ከዚያ በኋላ ምን ይነግረኛል? አሁን ቢያንስ ያወራኛል።»

«ምን ያወራሻል? ስለ እንጨቱ?»

«ስለ እንጨቱም ይሁን።»

«እታለም፣ ሆስፒታል ሆኖ ያለሽን ረሳሽው?»

«እንዴት አድርጌ እረሳለሁ?»

«ጥይቱስ?»

«እንዳለው አውቃለሁ፤ ያስቀመጠበትን ግን አላውቅም። ፈለግኩ። ያልፈለግኩበት ቦታ የለም።»

ሆስፒታል ሆኖ ያለውን እኔም ሰምቼዋለሁ። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ፣ «መጋዙ ስራውን ጀምሮ ተወው» ነበር ያላት። ፋብሪካው ውስጥ እስከ ግማሽ ተሰንጥቆ የቀረ ግንድ መስሎኝ፣ ማን እንደጨረሰው ጠይቄው ነበር። አባቴ ያን ጊዜ እኔን አይቶ፣ «ገና ነው» ብሎኛል።

ከዚያ ወሬ በኋላ እናቴ ሀሳቧን የለወጠች መሰለኝ። ምሽት ላይ የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መኝታ ቤት ገባች።

«ቁም እስቲ» አለችው።

«እኔን ነው?»

«አንተን አይደለም፤ እሷን ነው። ልብስ ልሰፋላት። እንዲሁ ራቁቷን አቧራ ስትጠጣ አሳዘነችኝ።»

አባቴ ጠመንጃውን ቀጥ አድርጎ ያዘው። እናቴ እንደ ሰው ለካችው። ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ፣ ወገቡን፣ ትከሻውን። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ «ዳሌዋ ላይ ለቀቅ አድርጊላት፤ ትወልድ ይሆናል» አለች፤ አባቴም ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ የሜትሩን ቁጥር ግን ደጋግማ ነበር የምታነበው። እኔ እናቴ በመጨረሻ ጠመንጃውን ወደደችው ብዬ አሰብኩ።

ልብሱን ከወፍራም ሸራ ሰፋችው። ገበሩን ያደረገችለት ከአባቴ የድሮ የስራ ካፖርት ነው። ሁለት ጊዜ እየደረበች ስለሰፋችው ብትጎትተውም አይላቀቅም። ከዚያ የቁልፍ ቆርቆሮዋን አወጣችና ለሕፃናት ልብስ የምታደርጋቸውን፣ ከምስር ብዙም የማይተልቁ ቁልፎች መረጠች። ከላይ እስከ ታች ደረደረቻቸው። ቀዳዳዎቹን ከቁልፎቹ አጠበበቻቸው፤ እኔ ራሴ አንዱን ስሞክረው ጥፍሬ ታጠፈ።

«እማዬ» አልኳት፣ አባባ እንዳይሰማ በሹክሹክታ፣ «አባባ እኮ ቁልፍ አይችልም። ረሳሽው?»

እናቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አልረሳሁም። እኔ እከፍትለታለሁ።»

«አንቺ ባትኖሪስ?»

አክስቴ ካውያዋን አስቀመጠች። እናቴ ወደ እኔ ዞራ ትከሻዬን ይዛ፣ «ስማኝ» አለች። «ክሩን ሰም ቀብቼዋለሁ። እኔ ሳልኖር ከተነካ ይበላሻል። አባትህ ክፈትልኝ ካለህ መጥተህ ጥራኝ። የትም ልሁን፣ ምንም ልያዝ፣ ጥራኝ። እሺ?»

«እሺ።»

«ለሱ አትንገረው። ስፌቴን ያልተማመንኩበት ይመስለዋል።»

እናቴ አንድ ዓይነት ስህተት የሰራች መስሎኝ አዘንኩላት። ሸሚዙን እንዲያ አድርጋ የሰፋች ሰው ለጠመንጃው ሲሆን እንዴት ይጠፋታል? አባቴ ልብሱን ሲቀበል በቁልፎቹ ላይ መዳፉን ከላይ እስከ ታች አሳለፈ። መልሶ ከታች ወደ ላይ አሳለፈ። ብዙ ቆየ። «ቆንጆ ስፌት ነው» አለ። እናቴም፣ «ስትፈልጋት ንገረኝ» አለችው። እኔ ቅር ያለው መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን በዚያች ቅጽበት አንዱ የሌላውን ልብ ያነበበ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ አባቴ «ክፈችልኝ» ይላል። እናቴ የያዘችውን ጥላ ትገባለች። አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትፈታለች፤ እየፈታችም ታወራዋለች። ደንበኛ ያላትን፣ ጎረቤት ያላትን፣ የጨርቁን ዋጋ መጨመር። ቁልፉ ብዙ ስለነበር ወሬውም ብዙ ነበር። ከዚያ እሱ እጀታውን ይገፋል፣ ይስባል፣ በዘይት ይወለውላታል፤ እሷ ሳትነሳ ትጠብቀዋለች። ሲጨርስ መልሳ ትቆልፋለች። እንዲህ በተቀመጡባት የመጨረሻ ምሽት ብቻ፣ ከመቆለፏ በፊት አክስቴ ደንበኛ መጥቷል ብላ ጠርታት ለጥቂት ጊዜ ወጥታ ነበር። ብዙም አልቆየችም፤ ስትመለስ አባቴ ራሱ ጠመንጃውን ልብሱ ውስጥ ከትቶ ጠበቃት፤ እሷም ቆለፈችው።

የዝናቡ ወራት ሲቃረብ አባቴ ቤቱን መጠገን ጀመረ። በእነዚያ እጆቹ፣ መዶሻውን በክንዱ አቅፎ፣ ጣራው ላይ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ቀየረ። የሚያንቋርረውን በር ዘይት ቀባው። የስፌት መኪናውን ቀበቶ አዲስ አደረገላት። ምስማር የማቀብለው እኔ ነኝ፤ ሲያርፍ ውሃ አመጣለታለሁ። የድሮ መዶሻዎቹን፣ መሮዎቹንና መላጊያውን ግን ሰብስቦ በፋብሪካው በእሱ ቦታ ለገባው ወጣት ሰጠው። ወጣቱ «ኧረ ጋሼ፣ አይገባም» እያለ ሲያለቅስ አየሁት፤ በደስታ መስሎኝ ነበር።

ለእኔ ሁሉም ግልጽ ነበር። ሰው ረጅም አደን ሲሄድ ቤቱን አስተካክሎ ነው።

«መቼ ነው የምንሄደው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ መሰላሉን ይዤለት።

«ቅርብ ነው።»

«እኔም አለሁበት አይደል?»

ከላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ። «አንተ ቤት ትጠብቃለህ» አለ። «እናትህን ማን ይጠብቃታል?»

አኮረፍኩ። ራት አልበላም ብዬ ተኛሁ። ይህን ለእናቴ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ። ግን አኩርፌ ስለነበር ለማንም አልተናገርኩም።

ነገሩ የሆነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አስተማሪያችን ታሞ ቀድመን ተለቀቅን። ቤት ስደርስ የስፌት መኪናው ተሸፍኗል፤ እናቴና አክስቴ ከዋናው መንገድ ማዶ ያለች ደንበኛ ቤት መጋረጃ ሊሰቅሉ ሄደዋል። አባቴ በዚያ ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ መሆን ነበረበት። መኝታ ቤቱን ስከፍት ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

ጢሙን ተላጭቷል። የሚወጣበትን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ጠመንጃው በልብሱ እንዳለ ጉልበቱ ላይ ነው። ግንባሩ በላብ ርሷል፤ ከላይ ያሉት ጥቂት ቁልፎች ተፈትተዋል፤ በእነሱ ዙሪያ ያለው ሸራ ርጥብ ነው። በጥርሱ ነበር የሚፈታቸው።

«ለምን መጣህ?» አለኝ።

«አስተማሪው ታመመ።» ቁልፎቹን አየሁ፤ ነጭ ሸሚዙን አየሁ፤ ገባኝ። «ያለ እኔ ልትሄድ ነው!»

አባቴ የተፈቱትን ቁልፎች በክንዱ ሸፈናቸው።

«ወደ አደኑ! አባባ፣ ጫማዬን ላድርግ፣ አንዴ ብቻ ጠብቀኝ!»

«ማሙሽ፣ ውጣ። ውጭ ተጫወት።»

«አልወጣም!»

 ከውጭ የሰፈር ልጆች ኳስ ሲያንቀረቅቡ ይሰማ ነበር። ከዚያ ድምፁ እንደማላውቀው ሰው ድምፅ ሆኖ፣ «እንግዲያው ና» አለ። «ጣቶችህ ትንንሽ ናቸው። እነዚህን ፍታልኝና ከዚያ ወጥተህ ተጫወት።»

ተጠጋሁ። ሸሚዙ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።

«እማዬ ሳትኖር አይነካም ብላለች።»

«ማናት እንዲህ ያለችው?»

«እማዬ። ክሩ ሰም ተቀብቷል፤ ይበላሻል። አባትህ ክፈትልኝ ካለህ ጥራኝ ብላኛለች።»

«መቼ ነው ይሄን ያለችው?»

«ስትሰፋው። የትም ልሁን፣ ምንም ልያዝ ጥራኝ አለችኝ። ለአንተ ግን እንዳልነግርህ...» አፌን በእጄ ያዝኩ። ምስጢር አወጣሁ።

አባቴ የተፈቱትን ቁልፎች ቁልቁል ያያቸው ጀመር።  ያናደድኩት መስሎኝ መፍትሄ ፈለግኩ፤ እኔም መሄድ እፈልጋለሁና። ወደ ወዲህኛው ክፍል ሮጥኩ፤ የእናቴን ትልቁን የጨርቅ መቀስ ይዤ ተመለስኩ።

«በቃ እንቅደደው! እሷ መልሳ ትሰፋዋለች።»

መቀሱን ተቀበለኝ። ቀለበቶቹ ሰፋፊ ስለነበሩ በዚያ እጁም ገቡለት። ምላጩን ከፈተ። ሸራው ላይ አሳረፈው። አንድ ጊዜ ቢጫነው ይበቃ ነበር፤ ሸራ ሲቀደድ የሚሰጠውን ድምፅ ጆሮዬ ቀድሞ ሰማው።

አልተጫነውም።

«የእናትህን ስፌት?» አለ። ተቆጥቶ ነበር የተናገረው፤ ግን እኔን አልነበረም። «የእናትህን ስፌት በመቀስ?»

እሱ የሰው ስራ የሚያበላሽ ሰው ሆኖ አያውቅም። ጠማማ ጣውላ እንኳ ቢሆን ሌላ ሰው የሰራውን አይነካም፤ «ባለቤቱ ይምጣና ያስተካክለው» ነበር የሚለው። እናቴ ይህን አስባበት ይሆን ብዬ ካደግኩ በኋላ ጠይቄያታለሁ። «መቀስ ቤት ውስጥ እንዳለ እኮ አውቃለሁ» አለችኝ። «ቁልፉ ሰው እስኪደርስ ጊዜ ይሰጠኛል ብዬ ነው። ግን የሚደርሰው ሰው አንተ ትሆናለህ ብዬ በፍጹም አላሰብኩም ነበር።» 

«ጥራት» አለኝ አባቴ። መቀሱ አሁንም እጁ ላይ ነበር። «እንዳለችህ ሂድና ጥራት።»

እየዘለልኩ ሄድኩ። እናቴ ወንበር ላይ ቆማ፣ ከንፈሯ መሃል ስፒል ይዛ መጋረጃ ትሰቅል ነበር።

«እማዬ፣ አባባ ቁልፉን ክፈችልኝ ይልሻል።»

ስፒሎቹ ከአፏ ረገፉ። መጋረጃው ከነዘንጉ ወደቀ። ከወንበሩ እንዴት እንደወረደች አላየሁም፤ ደንበኛዋ «ምን ሆንሽ?» እያለች ስትጮህ እናቴ ባዶ እግሯን መንገዱን ተሻግራለች። አክስቴ ተከተለቻት። ሜትሩ ከእናቴ አንገት ወድቆ ጭቃው ላይ ቀርቶ ነበርና አነሳሁት። ለቁልፍ ይሄ ሁሉ ሩጫ? ለነገሩ እኔም ሮጥኩ።

መኝታ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እናቴ አልገባችም። መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ቆመች። ከውስጥ ምንም አይሰማም። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

ጉንጯን በሩ ላይ አስጠጋች።

«እኔ ነኝ እኮ።»

«ክፍት ነው» አለ አባቴ።

እንደተውኩት ነበር የተቀመጠው። መቀሱ ከእጁ ወጥቶ፣ የስፌት መኪናው ላይ በቦታው ተመልሷል። እናቴ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እግሯ ጭቃ በጭቃ ነበር።

«ክፈችልኝ» አላት።

«ለምን?»

«ውስጧ ያለውን አውጪልኝ። እኔ እጄን አላመንኩትም።»

አክስቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተችኝ። ታገልኳት። የውሃ በርሜሉ ስር ቁጭ አለችና ጭኗ ላይ አጣብቃ ያዘችኝ። ብዙ ቆየን። እናቴ ስትፈታ የምታወራው ወሬ አልተሰማም። ከዚያ እጀታው ተሰማ፤ ግን የአባቴ አልነበረም። ቀርፋፋ፣ የተደናቀፈ፣ መሃል ላይ ቆሞ እንደገና የተገፋ ነበር። ትንሽ ከባድ ነገር ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተንከባለለ፤ ግድግዳውን ነክቶ ቆመ። አክስቴ ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ቀበሮው አምልጦ ነው?» አልኳት።

ጠመንጃውን በማግስቱ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ወደ ጋሽ ዝገት መለሱት። ጋሽ ዝገት ምንም አልጠየቀም አሉ። እኔ ያንን ጠመንጃ እስካሁን መጥላት አልቻልኩም። አባቴ ጥይት መጠየቁን አልረሳሁም፤ እጀታዋን ሲስብ ፊቱ ላይ የመጣው ደስታም ውሸት አልነበረም። ሁለቱንም ያየሁት በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ምሽት ነው። እሱ ራሱ የትኛውን ፈልጎ እንደገዛት ያውቅ ነበር ወይ? አርጅቷል፤ ጠይቄው አላውቅም።

ያ ሁሉ በሆነበት ዕለት ራት ላይ ግን ስለ ጠመንጃው የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አደኑ ቀርቷል። ያስቀረችውም እናቴ ናት። ቁልፉን በትክክል ሰፍታው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጫካ ውስጥ ነበርን። ሳህኔን ገፋሁት።

«አንቺ ነሽ ያበላሸሽው!» አልኳት። «አባባ ተላጭቶ፣ ለብሶ፣ ሊሄድ ሲል አንቺ ነሽ ያስቀረሽው!»

አክስቴ «አንተ!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች። እናቴ በእጇ ምልክት መለሰቻት።

«አዎ» አለችኝ። «እኔ ነኝ።»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። የተቆረጠውን እጁን ሁልጊዜ የሚደብቀው ጠረጴዛው ስር ነበር፤ አሁን አወጣውና በእናቴ እጅ ላይ፣ ሁላችንም እያየነው፣ አሳረፈው።

«እሷን አትቆጣት» አለኝ። «መቅረት የፈለግኩት እኔ ነኝ።»